እንስማው

ስሜ እንየው ነው፤ ሥራዬ ግን እንስማው፣
ዓይን ያሳለፈውን ጆሮ ነው የሚቀማው።
የሽምብጥ፣ የዓባይ ማዶ፣ የጊዮርጊስ ሰፈር ሰው፣
ግንቦት አናቱን ሲበሳው፣ ሙቀት ሲያተራምሰው፣
ይደውላል፦ "ማቀዝቀዣው እንግዳ ድምፅ አወጣ።"
"እንዴት ያለ ድምፅ?" ስል፣ ያኔ ነው ጉድ የሚመጣ።

ዳኛው በስልክ ውስጥ እምቧ ይሉልኛል፣
የወርቅ ነጋዴው ሲ… ሲ… ያፏጭልኛል፣
ነርሷ ጠረጴዛ በጥፍሯ ትመታለች፣
"እንዲህ፣ እንዲህ ነው፤ ሰማኸው?" ትላለች።

አልስቅም።
በሽተኛ ሕመሙን ሲናገር አይሳቅም።

ፉጨት ከሆነ ጋዝ ሾልኳል። ቂጭ ቂጭ ካለ ብሎን ላልቷል።
ካጓራ ኩሽኔታው ደርቋል፣ ግራሶ ካየ ዓመት አልፎታል።
ጠብ ጠብ ካለ መውረጃው ነው፤ ስከፍተው የሚወጣ
ትንኝ ነው፣ የጣና ትንኝ፣ መብራት ናፍቆ የመጣ፣
ክንፍ በክንፍ ላይ ተጋግሮ መውጫ ያጣ።

መምህሬ ጋሽ አጉማስ፣ አንድ ጆሯቸው የማይሰማ፣
"መዶሻ አታንሳ" ይሉኝ ነበር፣ "አስቀድመህ ስማ፤
የካቻቢቴህን ጫፍ ከብረቱ ላይ አሳርፍ፣
እጀታውን ከጆሮ ግንድህ፤ ከዚያ አትለፍልፍ።
ዝም ስትለው ብረትም እንደ ሰው ይናዘዛል።"
እንዲሁ አደርጋለሁ። ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ዘንድሮ ግን አቶ ፈንታሁን፣ ዓባይ ዳር ነው ቤታቸው፣
የባንክ ጡረተኛ ናቸው፣ ሳንቲም የማያልፋቸው፣
"ሌሊት ያጓራል" አሉኝ፣ "ቀን ጭጭ ነው፣ እንደ ሌባ፤
እንቅልፍ ካየሁ ሳምንቴ፤ ና፣ ፈትተህ ውስጡን ግባ።"

ሄድኩ። ኩሽኔታውን ቀየርኩ፣ ጎማ አነጠፍኩ ከሥሩ፤
ሌሊቱን ደወሉ፦ "ያው ነው ነገሩ።"
ሄድኩ። ማራገቢያውን አጠብኩ፣ ብሎኑን አጠበቅኩ በተራ፤
ሌሊቱን ደወሉ፦ "እንዲያውም ባሰ፣ አጓራ!"
በሦስተኛው "ሒሳብ የለህም" አሉ።
"እንግዲያው እዚሁ አድራለሁ" አልኩ።

ሶፋ ላይ ተጋደምኩ፣ ካቻቢቴዬ ደረቴ ላይ፤
ማሽኑ ይነፍሳል፣ እንከን የለበትም ከታች ከላይ።
ስምንት ሰዓት ግድም መብራት ሄደ።
ማራገቢያው ዘገመ፣ ዘገመ፣ ቆመ።

ያን ጊዜ አጓራ።

አቶ ፈንታሁን በፒጃማ ብቅ አሉ፦ "ይኸው! ሰማህ? ይኸው!"
"ጋሼ፣ መብራት የለም እኮ። ማሽኑ ጠፍቷል። ይኼ ሌላ ነው።"

በስልኬ መብራት ግድግዳውን በክንድ በክንድ አዳመጥኩት፤
ከመዳብ ቧንቧው ሥር ነበር፣ በመጨረሻ አገኘሁት፦
ጣት የምታስገባ ቀዳዳ፣ ድምፁ በሷ ነው የሚመጣው፣
የገጠመው ሰው በድሪል በስቶ፣ ሳይደፍን ጥሎት የወጣው።
አፍንጫዬን አስጠጋሁ፤ የደንገል ሽታ አለ፣ የጭቃ፣
ጉማሬ ነው፤ ሣር ሲግጥ አምሽቶ ወደ ውኃው ሲመለስ፣ በቃ።

ሰውየው ተቀመጡ።
በጨለማው ውስጥ መነጽራቸውን ይፈልጋሉ መሰለኝ፣ ወይ ዝም ብለው እጃቸውን ያሻሻሉ።

"ሠላሳ ዓመት" አሉ፣ "መስኮት ከፍቼ ስተኛ በዚህ ቤት፣
ይኼው ድምፅ ነበር እኮ። አንድ ቀን አልነቃሁበት።
መስኮት ዘጋሁ፣ ማሽን ገዛሁ፣
የገዛ ጎረቤቴን ረሳሁ።"

ስቱኮ ይዤ ነበር። "ልድፈነው?" አልኳቸው።
ትንሽ አሰቡ። ዓባይ አንዴ ደግሞ አጓራ ከጀርባቸው።
"እስኪ ይቆይ" አሉ። "እስከ ክረምት።"

ሲነጋ ደረሰኝ ጻፍኩ።
የተተካ ዕቃ፦ አንድ ኩሽኔታ፣ ያላስፈለገ።
የብልሽቱ ዓይነት የሚለው ጋ ብዕሬ ተንገዳገደ፣
ከዚያ ጻፍኩት፦ ጉማሬ።

አቶ ፈንታሁን አነበቡት፣ ከላይ እስከ ታች፣ በፀጥታ፣
ብሩን ሁለቴ ቆጠሩ፤ አንዱንም ሳይሉ ቅሬታ።
በሩ ላይ ስደርስ ጠሩኝ። "እንየው፣
ቀኑን ስተሃል" አሉኝ። "ግንቦት ሃያ አንድ ነው ዛሬ።"