ማጭዱ ከኋላ ይመጣል

ባዶ እጅህን ውጣ፣ ይማም፣ ስለት አትታጠቅ፤
ዑመሬ ታጥቆ ነው ያየነው ሲወድቅ።
ማጭዱን በሻሽ ጠቅልል፣ ጥርሱ እንዳይንሿሿ፤
የሁፉፍ ሌሊት ነው፣ አይተኛም የጌታው ውሻ።

አቡ ናስር ከነቃ፣ «መኪናውን እጠቡ» ይላል፤
አሥራ ሁለት የቴምር ዛፍ ማን በፀሐይ ይወጣል?

ከላይ ስትደርስ ግንዱን በቀበቶህ እቀፍ፣
ከዚያ ገመዱን ሳብ፣ ቆም እያልክ፣ ሳትጣደፍ፣
ከጉድጓድ ውሃ እንደሚቀዳ ሰው፤
እንዳይወዛወዝ እኔ ከታች ጫፉን ይዣለሁ።
ሁለቴ ነቅነቅ ካረግከው፣ እጅህ ገባ ማለት ነው።

ጨለማው ውስጥ አላይህም፤
ትንፋሽህ ግን በገመዱ ወርዶ መዳፌ ይገባል።

ገመዱን የገዛሁት
ከዑመሬ በኋላ ነው።