መቀርቀሪያው

አስፋልቱ ሲያበቃ፣ ጤፉ ሲጀምር፣
ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ ከከተማው ድንበር፣
አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ የኔ ቤት፣ የኔ ወንበር።

ውሃ በሳምንት አንዴ፣ ሐሙስ ሌሊት ይመጣል፤
ቧንቧው ሲያስነጥሰው፣ ብሎኩ ሁሉ ይነቃል፤
ግፊቱ ፎቅ አይወጣም፤ ታች ነው የምንቀዳ፣
ሌሊት በነጠላ ሲታይ፣ ጎረቤት ሁሉ እንግዳ።
እኔም በደረሰኝ ጀርባ፣ ባልዲዬ እስኪሞላ፣
አንድ ስንኝ እጽፋለሁ፣ እሰርዛለሁ ሌላ።

ስሜን አታውቁትም። ዘፈኑን ታውቁታላችሁ፤
በሠርግ ላይ፣ ጫማ አውልቃችሁ፣ ስትጨፍሩበት አይቻችኋለሁ።
"ከየት ታመጪዋለሽ?" ብለው ሲጠይቁ፣
ከላይ የሚወርድልኝ ይመስላቸዋል፤ ሌባ መሆኔን አያውቁ።

ከታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ፊቴ የቆመ ሰው፣
"ነገ እልክልሻለሁ" ሲል፣ ድምፁ ሲያንሰው፣
ሰረቅኩት። አዝማች ሆነ። ተከፈለኝ። እሱን ማን አስታወሰው?
ግንቡ ላይ በቀይ ቀለም፣ "ይፈርሳል" የተባለ፣
አጥሩ ሄዶ በሩ ብቻ፣ ተቆልፎ የዋለ፤
እሱንም ወስጃለሁ።
የአባቴን ሳል እንኳ፣ ድንኳኑ ሳይነሣ፣
ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፤ መዘገብኩት እንዳልረሳ፤
ከበሮ መቺው ወደደው።
የምሽቱ ዜና ግን፣ ቁጥር ነው የሚያነበው፤
ቁጥር ቤት አይመታም። ሞክሬያለሁ።
የሰው ስም ይመታል።

ምንተስኖት።
የምድር ቤቷ የእትዬ አስካለ ልጅ፤
ስልክ ሲጠግን የኖረ፣ የኔንም ሁለቴ ያዳነ፣
በሌሊት አውቶቡስ ሄዶ፣ ጥቅምት ላይ ድምፁ መነነ።
ሲደወል ያቺ ሴትዮ ናት፣ ጨዋ፣ የማትሰለች፣
"ማግኘት አይችሉም" ብላ፣ ደግማ በሌላ ቋንቋ ትላለች።

አንድ ሐሙስ፣ ከወረፋው፣ እናትየው ሲያወሩ ሰማሁ፤
"ቢመጣ በውድቅት ነው። በሩንማ አል..."
ቀሪውን ውሃው ዋጠው።
"...ዘጋሁም" ብዬ ሞላሁት። ባልዲዬን ትቼ ወጣሁ።

ዘፋኙ አንብቦ ሳቀ፤ "ሐዘን በዚህ ወቅት አይሸጥም፤
የሄደችው ቆንጆ ትሁን፤ እናት አታስጨፍርም።"
ሦስት ሺህ ቆጠረልኝ፤ "ቀሪው ሲለቀቅ" አለ።
"ይመጣል" የነበረው፣ "ትመጣለች" ተባለ።
ይኸው ነው። ሥራው ይኸው ነው።

በጋውን ሁሉ ጮኸ። ሠርግ ቤት፣ ጭፈራ ቤት፣
ሕፃናት በደረጃው ላይ፣ "አልዘጋሁም" እያሉ ሲሮጡበት።
ከዚያ አንድ ቀን፣ ከቃሊቲ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከጎኔ፣
እትዬ አስካለ፤ ጭናቸው ላይ ጥቅል ጎመን፤ በመስኮቱ በኩል እኔ።
ረዳቱ ድምፁን ጨመረ።
ወደ ውጭ አየሁ፤ የሲሚንቶ መኪና፣ አቧራ፣ ግማሽ ቤት፣
ያላለቀ ነገር ሁሉ፣ አዝማቹ አራቴ ሲመለስበት።

እስከ መጨረሻው ሰሙ። ጎመኑን አገላበጡ።
"ይሄ ልጅ ዋሸ" አሉ። "በርማ ይዘጋል። ጅቦቹ እስከ ደጅ መጡ።
መቀርቀሪያውን ነው እንጂ፣ እኔ የማላስገባው፣
ልጄ ገፋ ሲያደርገው እንዲከፈትለት። ይሄ ነው ያልገባው።"
ከዚያ፣ በዚያው ድምፅ፣ "ወራጅ አለ!"
ወረዱ።

ስንት ዓመት ስሰርቅ ኖሬ፣ ዋናውን ሳልነካ ወጣሁ፤
ከደጃቸው በሩን ወስጄ፣ መቀርቀሪያውን ረሳሁ።
አሁን ለዜማው ይረዝማል። በጣቴ ቆጠርኩት፤ አይገባም።
ዘፈኑም ወጥቷል፤ የወጣ ቃል፣ ተመለስ ተብሎ አይጠራም።

ሐሙስ። ቧንቧው አስነጠሰው። በጨለማ ወረድኩ፤
በደጃቸው ሳልፍ፣ በአንዲት ጣት፣ በሩን ነካ አደረግኩ።
ሸሸ።
"ማነው?" አሉ፤ እጄን እንኳ ገና ከብረቱ ሳላነሣው።
"ውሃ ነው፣ እትዬ" አልኩ። "ውሃ ነው የመጣው።"