የሃያ ማይል ጉድለት

ኦርቪል ሃውግስታድ ጡረታ በወጣ ለት
ከአገረ ገዢው እጅ ተሸለመ ሰዓት።
ጆሮው ላይ አስጠግቶ፣ ከራሱ አመሳክሮ
«ሦስት ደቂቃ ይጎድላል» አለ አቀርቅሮ።
ሳቅንበት። ለእሱ ግን ቀልድ አልነበረም፤
የጎደለ አይቶ ማለፍ አያውቅም።
ኬኩ ሲቆረስም ሰሐኑን ሳያነሳ
«የማን ገንዘብ?» አለ፣ «ደረሰኙሳ?»

ሠላሳ ስምንት ዓመት ሒሳብ ሲመረምር፣
የሰሜን ዳኮታን ሳንቲም ሲቆጥር፣
ስድስት ገዢ መጣ፣ ስድስት ገዢ ሄደ፤
አንዱ እያቆላመጠ፣ ሌላው እያበደ።
ለሁሉም ያው ሪፖርት፣ ያው ግራጫ ሽፋን፤
በገጽ አርባ ሁለት የሚቀብር ባለሥልጣን።
የመንግሥቱን እርሳስ ቤት ወስዶ አያውቅም፤
ሚስቱ ኢንገር እንዳለችው፣ በሕልሙም አይጽፍበትም።

ስድስት ክረምት ሙሉ መኪናውን ነዳሁ፤
ሥራውን ከጎኑ ዝም ብዬ ቀዳሁ።
ሃምሳ ሦስት አውራጃ፣ ዳር የሌለው ሜዳ፣
ነፋሱ አበዳሪ፣ መንገደኛው ባለዕዳ።
በደረስንበት ሁሉ ፓይ ይጠብቀናል፤
የፖሙ፣ የዱባው ሽታ ይጠራናል።
እሱ ግን ከቦርሳው፣ በወረቀት ጥቅል፣
ዳቦውን ያወጣል፣ ቅቅል እንቁላል።
«ፓይ የቀመሰ ዓይን» ይለኛል በቀስታ፣
«ዜሮና ስድስትን ይስታል ባንድ አፍታ።»

አንድ ቱቦ ነበር በመዝገብ የሰፈረ፣
ከጠጠር መንገድ ሥር የተቀበረ፣
ዋጋው የተከፈለ፣ ማኅተም ያረፈበት።
ኦርቪል ግን አካፋ አስጫነኝ በሌሊት።
ምራቅ ሳያርፍ ይረጋል፣ የዚያን ቀን ቅዝቃዜ፤
ስድሳ ዓመት የሞላው ሰው ቆፈረ ያን ጊዜ።
ሁለት ሰዓት ሙሉ። ሁለት ክንድ ወረደ።
አፈሩን ጨበጠ፣ መኪናው ጋ ሄደ፣
«የለም» ብሎ ጻፈ፣ አንድ ቃል፣ በእርሳሱ፤
እጁን ማሞቂያው ላይ ዘርግቶ ዝም አለ እሱ።

«ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ይባላል፤
ማጠር ብቻ አይደለም፣ ማጣራትም ይወጋል።

ሄልስቬት በምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ
ዴልማር ክቫሌ ነበር፣ እጅ ጽሑፉ ከጥልፍ የሚበልጥ።
አርባ ስድስት ዶላር፣ በወር፣ በየወሩ፣
ከውሃው ሒሳብ ላይ ይጎድላል ከቁጥሩ።
ለሚስቱ መድኃኒት ነው። ኦርቪል ይህን ያውቃል፤
ልጅ ሆነው አንድ ሐይቅ ላይ አሣ አብሮት አጥምዷል።
ጻፈው። ሳይጨምር፣ ሳይቀንስም፣ ጻፈ።
ዴልማር ከሥራ ወጣ፤ በሦስተኛው ዓመት አረፈ።
ይህን ሁሉ የሰማሁት ከሌላ ሰው አፍ ነው፤
እሱ የዴልማርን ስም አንድ ቀን አላነሣው።

ዛሬ ወንበሩ ላይ እኔ ነኝ። ከመሳቢያ
የጉዞ መዝገቡን አወጣሁ፣ መጀመሪያ
ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ ስሙን ልወቅስ አይደለም፤
ማይሉን ደመርኩ። ከካርታው ጋር አልገጠመም።
በየዓመቱ መጋቢት ሃያ ማይል ይጎድላል፤
ቆጣሪው ሄዷል ሲል፣ እሱ አልሄድኩም ይላል።
«የመጋቢቱን ጉዞ እኔ ብቻዬን» ሲለኝ
ዕረፍት የሰጠኝ መስሎኝ ነበር ለካ ደስ ያለኝ።

ሃያ ማይል ማለት፣ ከዋናው ተገንጥሎ
ሄልስቬት ደርሶ መልስ ነው፣ መቃብሩ ጋ ቆም ብሎ።
የዚያችን መንገድ ቤንዚን መንግሥት አልከፈለም፤
ከኪሱ ነው። ይህን ማንም አልጠየቀውም።

አሥራ ዘጠኝ መጋቢት። ቆጠርኩ። ደገምኩ።
ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ኅዳጉ ላይ ቆምኩ።
ጉድለት ይባላል ወይ? ወይስ ይባል ክፍያ?
ለዚህ ዓምድ የለውም የመሥሪያ ቤቱ መመሪያ።
ውጭ በረዶ ጀመረ። መዝገቡን ዘጋሁት፤
ምልክት ሳላኖር እንዳለ ተውኩት።

ሰዓቷም እዚያው ነች፣ ትቷት ነው የሄደው፤
ሦስቱን ደቂቃ ግን ሞልቶላት ነው።