ከስንጥቁ የተቀዳ

በፔኒሽ ከተማ፣ ባሕር በሦስት በኩል በሚልሳት አለት፣
ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ከሰርዲን ፋብሪካ፣ እጄ ዓሣ ሸቶ፣
እሄድ ነበር እኔ እፌሊስሚና ቤት፣
ዳንቴል ልማርበት።

(«ዶና» ብዬ ስጠራት ተቆጥታኛለች፤
«ጥርሴ ገና አልወለቀ፣ አንቺ በዪኝ» ብላ ከልክላኛለች።)

ትራሷ ድቡልቡል፣ በገለባ ያበጠ፣
ካርቶኑ ብጫ ነው፣ በስፒል ተበሳስቶ ዳሩ የተላላጠ።
ከዚያ ላይ ይወርዳል ስድሳ ቀሰም እንጨት፣
ድምፁ ሲንቋቋ፣ በቆርቆሮ ጣራ ጠጠር እንደ መርጨት።

አንድ ማታ ጠየቅኋት፦ «ንድፍሽ ከየት ይመጣል?»
ዝም አለች። በከንፈሯ የያዘችው ስፒል ብቻ ያብለጨልጫል።
በሳምንቱ ታዲያ መጽሐፍ ገዛሁላት፣
ወፍ በወፍ፣ አበባ በአበባ፣ የሁለት ቀን ደመወዝ የከሰከስኩበት።
አገላበጠችው። አመሰገነችኝ።
ጠረጴዛዋ ይነቃነቅ ነበር፤
ከአጭሩ እግር ሥር ሸጎጠችውና ቀና ብላ አየችኝ።
«ከፋብሪካው እዚህ ስትመጪ ምን አየሽ?»
«ምንም።»
«እንግዲያው ያንን ‹ምንም› ሥሪው፤ ስድሳ ቀሰም አለሽ።»

ነደደኝ። ቤቴ ስገባ ግን ዓይኔ ራሱ ሌባ ሆነ፣
ያገኘውን ሁሉ እያነሣ በጉያው እየከደነ፦
ጨው የደረቀበት የወደብ መስኮት፣
የብስክሌት ጎማ ጥላ፣ ግድግዳ ላይ ተጣሞ፣
የወይን ብርጭቆ ቂጥ ጠረጴዛ ላይ የተወው ክብ፣
ክብ በክብ ላይ ተጋድሞ።
አንዴ የጎመን ቅጠል ወሰድኩ፣ ጅማቱ ደስ ብሎኝ፤
ግማሹ ላይ ሳለሁ ጠወለገ፤ ሾርባ ሠርታ አበላችኝ።

ከዚያ ያ ሐሙስ መጣ። አውቶቡሱ ቁልቁለቱን ሲወርድ፣
ካሚዮን ያፈናጠረው ድንጋይ ጧ! አለና
የአዴሊኖ መስታወት ከመሀል እስከ ዳር ተተረተረና
ተሳፋሪው ሲጮህ፣ ሾፌሩ በሁለት እጁ ራሱን ሲይዝ፣
ፌሊስሚና ተነሣች። የዳቦ መጠቅለያ ከቦርሳዋ አወጣች።
መስታወቱ ላይ ለጥፋ፣ ስንጥቁን በእርሳስ
መስመር በመስመር፣ ምላሷን ነክሳ ትከተለው ገባች።
«ሴትዮ!» አላት አዴሊኖ፣ «ቤቴ ሲቃጠል እሳቱን ትሞቂያለሽ?»
«ዝም በል፣ አትነቅንቀው።» ወደ እኔ ዞረች፦
«ነይ ወረቀቱን ያዥልኝ፤ አሁንስ ምን ታያለሽ?»

በማግስቱ መስታወቱ ተለወጠ።
ከሰውዬው ደመወዝም ተቆረጠ።

ሁለት ወር ቀሰሙ ተንቋቋ። ከዚያ መስኮቷ ላይ ሰቀለችው፦
መሀሉ ቀዳዳ፣
ዙሪያውን ሠላሳ ጨረር፣ አንዱ ቀጥ ያለ፣ አንዱ ጎባዳ፣
አንዱ ደግሞ ከመንገድ የቀረ።
(እርሳሷ እዚያ ላይ ነበር የተሰበረ፤
ልቀጥለው አላለችም። እንደ ቀረ ቀረ።)

አዴሊኖ ተሳፋሪ እንደ ጫነ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ በሯ ላይ አቁሞ
ወረደ። ኮፍያውን አወለቀ። አየ፣ ቆሞ፣ ቆሞ።
«ይቺን አውቃታለሁ» አለ፣ «መቶ አርባ ዩሮ ያስከፈለችኝ ናት!»
«እንግዲያ ተከፍሏል» ብላ
ጠቅልላ ሰጠችው፣ በዚያው በዳቦ ወረቀት።

ዛሬ ከወንበሩ ጀርባ፣ ከጎን መስኮቱ ላይ ተንጠልጥላለች፤
አዲስ ተሳፋሪ ሁሉ «ተሰነጠቀ!» ይላል፣
ጣቱን ይሰዳል፣
ክር ናት፤ ታስቀዋለች።

እኔስ? እኔ ገና ነኝ። ዳር ዳሩ ላይ ክሬ ይጠማል።
ግን ዛሬ፣ የሥራ መውጫ ደወል ሊደወል ሲል፣
የሰርዲን ቅርፊት አንጓዬ ላይ ደርቆ አየሁ፤
አንዱ የሌላውን ጫፍ ለብሶ፣ ሌላው ካንዱ ሥር ገብቶ፣
መብራቱ ሲነካው አንዴ ብር፣ አንዴ ጭስ መስሎ።
ጓደኞቼ ታጠቡ። ሳሙናውን ሲያቀብሉኝ እምቢ አልኩ።
ክንዴን ገልጬ፣ እየሸተትኩ፣ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።
ጎኔ ማንም አልተቀመጠ።

ቶሎ ንዳው፣ አዴሊኖ።
ሳይረግፍ ልድረስ።
ማክሰኞ ነው።