አሥራ አንድ መብራት

ኅዳር ሊያልቅ ነው፤ ቦትስፊዮርድ ላይ
ሳምንት አለፋት ከገባች ፀሐይ።
ቀትር ነው ይላል የግድግዳው ሰዓት፤
መስኮቱ ይላል፦ የለም፣ ሌሊት።

ዘጠነኛ ክፍል፣ ሃያ ሦስት ልጆች፤
ከፊታችን አራት ወንበሮች፤
"ስለ ሥራችሁ ንገሯቸው" ተብለው
ያለ ክፍያ፣ ከሥራቸው ቀርተው፣
በፈቃዳቸው የመጡ ጎረቤቶች።

የጥርስ ሐኪሟ ስላይድ አሳየችን፤
የሳልሞን ኩባንያው ሰው ኮፍያ አደለን፤
ከባንክ የመጣው፣ ደሞዙን ሳይጠራ፣
እንደሚበቃው በጫማው ነገረን።

አራተኛው ኦድቫር ነበረ፣
የበረዶ ጠራጊ መኪና ነጂ።
ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ፤
የሚስቱ ጽሕፈት መሆኑ ያስታውቃል።
ለራሱ አነበበው፤ መልሶ አጠፈው።
"የተጻፈውስ ጥሩ ነው" አለ፣
"እኔ ግን እንዲህ አላወራም።"
ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ሲግቢዮርን ነው።
እኔም አልቀረሁ።

"የኔ ሥራ" አለን፣ "ወደ ኋላ ማየት፤
ለፊቱማ ምሰሶ አለ፣ የመንገድ ምልክት።
ተራራው ላይ ውሽንፍር ሲነሣ
መኪኖች ከመዝጊያው ሥር ይሰለፋሉ፤
በእግሬ እየዞርኩ ነዳጅ አላችሁ? ብርድ ልብስ? እላለሁ፤
እግረ መንገዴን እቆጥራለሁ፤
ከዚያ ፊት ሆኜ፣ በረዶውን እየገፋሁ፣
በስፖኪዮ እቆጥራለሁ።
አሥራ አንድ ጥንድ መብራት ከገባ
አሥራ አንድ ጥንድ ይወጣል።
በቃ፤ ሙያዬ ይኸው ነው።"

"ጥያቄ?" አለች መምህርት ቱሪድ፣
ሰዓቷን ሰረቅ አድርጋ እያየች።
ለጥርስ ስድስት እጅ ወጥቶ ነበር፤
ለሳልሞን አራት፤
ለዚህ ምንም።

ራንቬይግ ግን፣ ያቺ ዝምተኛዋ፣
እጇን ሳታወጣ፣
"ጎድሎብህ ያውቃል?" አለችው።

በማሞቂያው ቧንቧ ውስጥ
ውሃው ሲንቆረቆር ሰማን።

"አንዴ" አለ። "አሥር ሆኑብኝ።
አሥሩን ማዶ አድርሼ ተመለስኩ።
መኪናውን አገኘሁት፤ ሞተሩ ይሠራል፤
በሩ ክፍት ነው፤ ወንበሩ ላይ
በረዶ ተቀምጧል።
መብራቱን ሊጠርግ ወርዶ ነው፣
እንዲታየኝ ብሎ፤
ለኔ ብሎ።"

ደወሉ ተደወለ።
መጨረሻውን አልነገረን፤
እኛም አልጠየቅን።
ዓሣ የተሳለበትን ኮፍያ
አንድ በአንድ ከራሳችን አወለቅን።

ጠራጊ አልሆንኩም። መኪናም አልነዳም።
ትሮምሶ ነኝ፤ ቀዶ ሕክምና ክፍል፤
ሆድ ከመሰፋቱ በፊት
በደም የራሰውን ጨርቅ የምቆጥር እኔ ነኝ፣
ድምፄን ከፍ አድርጌ።
አሥራ አምስት ገብቶ አሥራ አራት ከሆነ
"ቆይ" እላለሁ፤
መርፌው አየር ላይ ይቆማል፤
ሐኪሙ በጭንብሉ ውስጥ ይተነፍሳል፤
ስንት ሰዓት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ጎንበስ ብዬ ከጠረጴዛው ሥር እፈልጋለሁ።
አንዳንዴ፣ ይኼን ለማንም አልናገርም፣
የሚገኘው ከራሴ ጫማ ሥር ነው።

አሥራ አምስት።