ስልሳ እስኪሞላ

ዘልማን በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ አመጣው እንደ ሕፃን፣
ናታኒያ ላይ ዝናብ፣ ከባሕሩ ሽቅብ ጨው የሚተነፍስ ቀን።
«አንቺ፣ ሠራዊቱ መሣሪያ መፍታት ያስተማረሽ፣
እስቲ ይህን ሽማግሌ ምን ታደርጊዋለሽ?»

አጭር ነው፤ ለፈረሰኛ ጭን፣ ለኮርቻ የተበጀ፣
ሰደፉ በስንቱ ትከሻ፣ በስንቱ ጉንጭ ያረጀ።
ጀርባው ላይ የብረት ጅራት፤ ሲያነሡት ጉሮሮው ይከፈታል፣
በወረቀት የተጠቀለለ ባሩድና እርሳስ በኋላው ይጎርሳል።
ከዚያ መዶሻው ሥር፣ ቀዳዳ ባላት ጡት ላይ፣ ቆብ ይደፉለታል፦
ከምስር ፍሬ የማትበልጥ፣ የመዳብ ቆብ።

ሁለት ዓመት መሣሪያ ቤት ስፈታ ስገጥም፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣
ይህን ግን እጄ አላወቀው። አውቶቡስ ያዝሁ፣ በካፖርቴ ሸፍኜ።
ሹፌሩ ብርድ ልብሱን አይቶ «ማዘል ቶቭ!» አለኝ።
አመሰገንሁ፣ ምን ላድርግ።

አባቴ ቶሎ አልነካውም። አሸተተው መጀመሪያ።
ያ መዳፍ፣ ሃያ ስድስት ዓመት እጀታው የትምህርት ቤት መጥረጊያ፣
ብረቱን እንደ ታመመ በሬ ዳሰሰው።
«ተኩሰው ሳያጥቡት ነው ያስተኙት» አለ። «ውሃ አፍይ።»
«ውሃ? ለጠመንጃ?»
«ባሩድ ነድዶ የሚተወው ጨው ነው፤
ጨውን ዘይት አይፈታውም፣ የሚፈታው ውሃ ነው።
እዚህ አገር ደግሞ አየሩም ጨው ነው።»

ሦስት ማንቆርቆሪያ አፈሰስን፤ የመታጠቢያው ወለል ቀለም መሰለ።
አራተኛው ጠርቶ ወረደ፤ የጋለው ብረት ራሱን አደረቀ፤
ድስቱ ላይ ሰምና የበግ ሞራ ቀለጠ፤ እናቴ ጮኸች፣ እሱ ሳቀ።

ያኔ በመንደራችን፣ ቀን ቀን ዓይኑን የሚሸሹት ሰዎች
ማታ ማታ በጓሮ ይመጡ ነበር፣ በጋቢያቸው ሥር ጠመንጃዎች።
«ቡዳ» ያለው አፍ ሳይደርቅ፣ «እባክህ፣ ቃታው አልሳብ አለኝ።»
ይህን ያወራችልኝ አክስቴ ናት። እሱ አንድም ቀን አልነገረኝ።

ዓርብ ጧት፣ ከአሸዋው ኮረብታ ጀርባ፣ የዒላማው ሜዳ።
ዘልማን ጆሮውን ደፍኗል፤ አባቴ አልደፍንም ብሏል።
ጅራቱን አነሣሁ፤ አጎረስሁ፤ ቆቧን ደፋሁ፤
ምላጩን ቀስ ብዬ ሳብሁ፦

ጠቅ።

ቆቧ ፈነዳች። ባሩዱ ዝም።

«አትንቀሳቀሺ!» ዘልማን ነው። «አፈሙዙ ወደ ዒላማው!
ስልሳ እስኪሞላ ቍጠሪ፤ እሳት አንዳንዴ መንገድ ላይ ይዘገያል።»

ቆጠርሁ። እኔ በዕብራይስጥ፣ አባቴ አጠገቤ በአማርኛ።
አሥራ ዘጠኝ። ሃያ። ትከሻዬ ከበደኝ።
ሠላሳ ስምንት ላይ፣ ዓይኑን ከዒላማው ሳይነቅል፣
«ስድስተኛ ክፍል ሳለሽ፣ ፎርሙ ላይ፣ የአባት ሥራ በሚለው፣
አናጢ ብለሽ ጽፈሽ ነበር» አለ።
«አስተርጓሚው አነበበልኝ። ፈረምሁ።»

እርጥብ አሸዋ ይሸታል። አፌ ደረቀ።

«አናጢነትም ክፉ አይደለም» አለ።
«አርባ ስድስት። አርባ ሰባት።»

ስልሳ።
ከኪሱ የእናቴን ወስፌ አወጣ፤ የጡቷን ቀዳዳ ወጋ ወጋ አደረገ፤
ጤፍ የምታህል የሰም ፍርፋሪ ወጣች።
«ሞራው ነው የዘጋው። አበዛሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አዲስ ቆብ።
አሁን ጮኸ። ነጭ ጭስ ዘልማንን ከነሳሉ ዋጠው፤
በኋላው ያመለጠ እሳት ቅንድቤን ለበለበው።
ዒላማውስ ደህና ነው፤ ማንም አልነካው።

«ቶሎ ቤት!» አለ አባቴ። «ሰንበት ሊገባ ነው፤
ዝገትም ሰንበትም ሰው አይጠብቁም።»

ፀሐይ በመታጠቢያው መስኮት ባሕር ላይ ተንጠልጥላለች፤
እኔ አፈስሳለሁ፣ እሱ በጨርቅ ይስባል፤
ጥቁር ውሃ በእግራችን መካከል ይወርዳል።

«አባ» አልሁ።
«አፍስሽ» አለኝ፣ «ገና አልጠራም።»