ገና ሳይደርስ

ደብተሩ ከጅሬን በባጃጅ መጣልኝ፣
በፌስታል ተቋጥሮ፤ «አንብብልን» አሉኝ።
ጥራዙ የላላ፣ ሽፋኑ የፍየል፣
ሲገልጡት ከውስጡ ፌጦ ፌጦ የሚል።

ሁለት እጅ ጽፎታል። የመጀመሪያው ሰው
መሪጌታ ውብአንተ፣ ከጎጃም የመጣው፣
በብርዕ፣ በጥቁር፣ መስመር የማይስተው።
ሁለተኛው ጣሂሮ፣ ገዝቶት ይሁን ወርሶ፣
በሰማያዊ ቢክ፣ ኅዳጉን ጨርሶ።
አንዱ «ግራዋ» ሲል አንዱ «እቢቻ» ይላል፣
«ብሳና»ውም ወርዶ «በካኒሳ» ሆኗል።

እኔ ፊደል እንጂ ቅጠል መች አውቅና፤
ሂርማታ ገበያ ብወጣም ማለዳ፣
ሥሩ ሁሉ ሥር ነው፣ ጭቃ የለበሰ፣
ዓይኔ አንዱን ከአንዱ ሳይለይ ተመለሰ።

«ሁለት ጭብጥ» ይላል። የማን እጅ ነው ጭብጡ?
የአራሽ ነው? የሕፃን? የጸሐፊው የራሱ?
«እስኪበቃው ቀቅል።» ማን ነው የሚበቃው?
ውኃው ነው? ቅጠሉ? ወይስ የታመመው?

ይህን እንኳ ተውኩት።
ገጽ ሠላሳ አንድ ግን አላሳልፍ አለኝ።
ለሆድ ቁርጠት፣ ሰንሰል፤
«ገና ሳይደርስ ቅጠፍ።»
ሦስት ቃል።
ሦስት ሌሊት።

ቃሉ ከጠበቀ በዓሉ ነው፤ ታኅሣሥ።
ከላላ ግን ለጋ፣ ሳይጠነክር፣ ሳይደርስ።
ፊደላችን ደግሞ እዚህ ላይ ጨካኝ ነው፣
መጥበቅና መላላት ለአፍ ነው የተወው፤
የውብአንተም አፉ ይኸው አፈር ያዘው።

አዴ ሸምሲያን ጠራሁ፣ ሥር ሻጯን፣ ከሂርማታ፤
መጣች ከነቅርጫቷ፣ ጫማዋን በር ትታ።
የኛን ፊደል አታውቅም፤ ቁርአን ግን ቀርታለች፣
ከአባቷ እግር ሥር ሉሕ ይዛ አድጋለች።
ገጹን ወደ መስኮት ዘንበል አድርጋ አየች።
«ይቺ ምንድን ናት?» አለች።
ከአንዱ ፊደል ራስ ላይ፣ በሰማያዊ ቀለም፣
ሦስት ጥርስ ያላት ጭረት፣ የጤፍ ፍሬ አታህልም፤
እኔ የዝንብ ኩስ ብዬ ሦስት ሌሊት ያለፍኳት።

«ከሥሯ ያለው ፊደል ማነው ስሙ?»
«ና።»
«እንግዲያ ናው ይጠብቃል። ሸዳ ናታ!
ጣሂሮ ነው የከተባት። አጥብቀህ በለው እስቲ።»

አልኩት፤ ገንና።
ከዚያ እሷም ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፤
የመሪጌታውን በዓል ሰጋጁ ሰው
በዐረብ ምልክት ጠፍሮ አስቀመጠው።

ሳቃችን ሳያልቅ ነው ከግርጌ ያነበብነው።
ቢኩ ደክሞታል፣ ቃሉ ግን ይታያል፦

«በሰኔ ቀጥፌ ለከሊፋ ልጅ አጠጣሁ።
ላልቶ ነው ብዬ አንብቤ፣ እኔው ነኝ ያጠፋሁ።
ሦስት ቀን አስመለሳት። በአራተኛው ልጅቷ

እዚህ ላይ ወረቀቱ የለም።
አይጥ ነው። የቀረው ጠርዝ ጥርስ ጥርስ ሆኗል
እንደዚያችው ሸዳ።

አዴ ሸምሲያ ቀዳዳውን በጣቷ ዞረችው።
የከሊፋን ልጅ ታውቂያለሽ? አልኳት።
«ጅማ ላይ ከሊፋ ስንት አለ» አለችኝ፣
ቅርጫቷን አነሣች፤
ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣
አዌቱ ሳይሞላባት ልትሻገር ወጣች።

ማታ ስገለብጠው «ገና» ብዬ ጻፍኩ፣
በናው ራስ ላይም ያቺን ጭረት ሣልኩ፤
ታይፒስቷ ነገ «ይህ ምንድን ነው?» ትበል።
ቀጥዬ «ልጅቷ» አልኩና፣
አራት ነጥብ ሳላኖር፣
ክፍት ቦታ ተውኩ በቀዳዳው ልክ፤
ከጎኑ «ሁለት ጣት» ብዬ።

የማን ጣት እንደሆነ
እኔም አልጻፍኩም።